በዳሪሙ ስለ ተሠራ አንድ ባለ ክዳን የእንጨት ሙዳይ፤ ቅርጹና ልኩ

የሕዝብን ኑሮ የሚመረምር ሰው አንድ ዕቃ ባገኘ ጊዜ ስሙን፣ የተሠራበትን እንጨትና የሚሰጠውን ጥቅም ይመዘግባል። ይህ ተገቢ ሥራ ነው። ነገር ግን «ዕቃው መልካም ሆኖ ተሠርቷልን?» ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። ቅኔ ወይም ሥዕል ሲቀርብልን ጉድለቱን ከነምክንያቱ እንገልጻለን፤ የእንጨት ሠሪ ሥራ ሲቀርብልን ግን ዝም ብለን እንቀበላለን። ዝምታው አክብሮት ይመስላል፤ በውስጡ ግን ሠሪውን እንደሚያስብ ሰው አለመቊጠር አለበት። በአገራችን ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩና ፋቂው በሥራቸው ሲናቁ መኖራቸው የታወቀ ስለሆነ፣ ዝምታችን የዚያ ንቀት ቅሪት እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል።

እዚህ የሚመረመረው በኢሉባቦር፣ በዳሪሙ ወረዳ፣ ከዋንዛ እንጨት በቶርኖ የተሠራ የቡና ማኖሪያ ሙዳይ ነው። ቁመቱ ከነክዳኑ 24 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 8ቱ የክዳኑ ነው። የሆዱ ስፋት 12፣ የመቀመጫው 11፣ የአፉ 6 ሳንቲ ሜትር ነው። ሆዱ የሚሰፋው በገላው ትክክል መካከል ላይ ነው። ልስላሴው የሚመሰገን ነው፤ የዋንዛውም መልክ በሚገባ ወጥቷል። የእጅ ችሎታ አልጎደለም፤ የጎደለው ልክ ነው። ቶርኖ ለሠሪው ክብነትን ይሰጠዋል፤ ልክን ግን አይሰጠውም።

በመጀመሪያ ክዳኑን እንመልከት። አምሳያው ከመሶብ እንደ ተወሰደ በግልጽ ይታያል። የመሶብ ክዳን ከፍ ብሎ መሾጠጡ አያስነቅፈውም፤ ስንደዶና አክርማ ቀላል ስለሆኑ ቁመቱ ለሚያነሣው እጅ ሸክም አይሆንም። ያው ቁመት በእንጨት ሲደገም ግን ዕቃው ራሱ ይከብደዋል፤ ዓይንም ከገላው ይልቅ ክዳኑን ብቻ ያያል። ስለዚህ ክዳኑ ከነጉልላቱ ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ፣ ማለት ከጠቅላላው ቁመት ሩብ ያህል ቢሆን፣ ገላው የበላይነቱን ያገኛል። ጉልላቱም ለጌጥ ከመሾል ይልቅ ሁለት ጣት የሚይዘው መሆን ይገባዋል።

ሁለተኛው የሆዱና የመቀመጫው ነገር ነው። ሆዱ በመካከል በመሆኑ ላይና ታቹ እኩል ሆነው ዓይን ማረፊያ ያጣል። መቀመጫውም ከሆዱ ጋር ሊተካከል ጥቂት ስለቀረው ዕቃው እንደ ጉቶ የተተከለ ይመስላል። የሆዱ ስፋት ወደ ገላው ሁለት ሦስተኛ ከፍ ቢልና መቀመጫው ወደ 8 ሳንቲ ሜትር ቢጠብ፣ ዕቃው ሳይናወጥ ከመሬት የተነሣ መስሎ ይታያል።

ሦስተኛው አፉ ነው። አፍን ማጥበብ ለእንስራ ተገቢ ነው፤ ውሃው እንዳይፈስ ይጠብቃልና። ቡና ግን በእጅ የሚዘገን ነው፤ በ6 ሳንቲ ሜትር አፍ የጎልማሳ እጅ አይገባም። 9 ቢሆን ይበቃዋል።

አራተኛውና ዋናው የክዳኑ አገጣጠም ነው። እንጨት ሲደርቅ በዓመታዊ ቀለበቱ አቅጣጫ የሚሸማቀቀው ከልቡ ወደ ቅርፊቱ ከሚሸማቀቀው እጥፍ ያህል ነው። ከዚህ የተነሣ እርጥብ ሳለ ክብ የሆነው ሲደርቅ ሞላላ ይሆናል። ዝናም በሚበዛበት በኢሉባቦር ደግሞ በበጋ ልክ የነበረው ክዳን በክረምት አልከፈት ይላል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ የግድግዳውን ውፍረት የስፋቱን አንድ ዐሥረኛ ያህል አድርጎ በግርድፉ መቅረጽ፣ ለወራት ማድረቅ፣ ከዚያም እንደገና ወደ ቶርኖው መመለስ። ክዳኑም ከዚያው ግንድ፣ በዚያው የእንጨት ሥር አቅጣጫ ቢቈረጥ ሁለቱ አብረው ይላወሳሉ።

ምናልባት «ይህ በውጭ አገር የተማረ ሰው ምርጫ ነው» የሚል ይኖራል። ከላይ የቀረቡት ልኮች ግን ከመጻሕፍት የተቀዱ አይደሉም። ተማሪዎች ወርቃማ ልክ እያሉ የሚጠቅሱትን 1.618 እዚህ አላስገባሁም፤ መፈተኛ እንጂ ሕግ አይደለምና። የእኔ ምስክሮች የሚዘግነው እጅ፣ የሚላወሰው እንጨትና ራሱ መሶቡ ናቸው። ባለ ክዳን የእንጨት ሣጥኖችን ራሱ በቶርኖ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው መምህር ዴቪድ ፓይ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው መጽሐፍ ውጤቱ አስቀድሞ በመሣሪያው የተወሰነውን ሥራ፣ እስከ መጨረሻው በሠሪው ጥንቃቄና ፍርድ ላይ ከተንጠለጠለው ሥራ ለይቷል። የዳሪሙው ሠሪ በዚህ በሁለተኛው ወገን ያለ ነው፤ ፍርድ ካለው ደግሞ ፍርዱ ሊመረመር ይገባል፤ እርሱም መልስ ሊሰጥበት መብት አለው።

ነገሩ የውበት ብቻ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር ጥበቃ ከሚደረግላቸው ዛፎች መካከል አስገብቶት ነበር። ለማደግ ብዙ ዓመት የፈጀ ዛፍ በማይከፈት ክዳን ሲባክን ጉዳቱ የገዢው ብቻ ሳይሆን የጫካውም ነው። ስለሆነም ወደ መቱና ወደ አካባቢው ለጥናት የሚወጡ ተማሪዎች ከዕቃው ስም ጋር በመካከሉ የተቈረጠ ንድፉን፣ ልኩን፣ ከሁሉም ይልቅ ሠሪው ያንን ልክ የመረጠበትን ምክንያት ጽፈው ይዘው ቢመጡ፣ የዕቃዎቻችን መዝገብ የሠሪዎቻችንም አሳብ መዝገብ ይሆናል።