«አለበት» የሚውጠው መስተዋድድ፦ ስለ እንግሊዝኛ የግዴታ ረዳት ግሶች አተረጓጐም

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚፈቱ መዝገበ ቃላት «መስት» ለሚለው ረዳት ግስ «አለበት»ን፥ ለ«ሹድ» «ይገባል»ን፥ ለ«ካን»ና ለ«ሜይ» «ይችላል»ን ማቅረብ ልማዳቸው ነው። መስተዋድዶቹ ደግሞ ከእነዚህ ርቀው በየፊደል ተራቸው ይሰፍራሉ፤ «አት» «በ» ተብሎ ይፈታል፤ «ባይ» «በ»፥ «አጠገብ»፥ «እስከ» ይባላል፤ «አንቲል»ም እንደገና «እስከ» ይባላል። እያንዳንዱ ፍች ለብቻው ሲታይ ስሕተት አይገኝበትም። ነገር ግን የዕለት ተዕለት እንግሊዝኛ ረዳት ግሱን ብቻውን እምብዛም አይተወውም። የቦታ ወይም የጊዜ መስተዋድዳዊ ሐረግ ያስከትልበታል፤ ንግግሩ ግዴታ ይሁን ወይም ግምት የሚለየውም ብዙውን ጊዜ ይኸው ሐረግ ነው። መዝገበ ቃላቶቻችን ዝም የሚሉት በዚህ መጋጠሚያ ላይ ስለ ሆነ ሒሳችንም በዚሁ ላይ ያተኵራል።

ምሳሌዎቻችንን ከወልቂጤና ከቡታጅራ ኑሮ ጋር አስማምተን እናቀርባለን። ሁለቱም የጉራጌ ከተሞች ናቸው፤ ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፥ ቡታጅራ ደግሞ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛሉ። በገበያው የጉራጌ ቋንቋዎችና አማርኛ፥ በጽሕፈት ቤቱ አማርኛ፥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና በ2004 ዓ.ም. በተቋቋመው በወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ይሠራባቸዋል። በእንዲህ ያለ ከተማ መተርጐም የባለሙያ ብቻ ተግባር አይደለም፤ ማስታወቂያ የሚለጥፈው ጸሓፊም ይተረጕማል።

ለአንድ ሠራተኛ «ዩ መስት ቢ ኢን ወልቂጤ ባይ መንደይ» የሚል ደብዳቤ ደረሰው እንበል። ተርጓሚው መዝገበ ቃላቱን ተከትሎ «እስከ ሰኞ ወልቂጤ መሆን አለብህ» ይላል። እንግሊዝኛው ያዘዘው ሰኞ ሳያልፍ ወልቂጤ እንዲደርስ ነው፤ እስከዚያ የትም ቢውል ግድ የለውም። አማርኛው ግን ከአሁን ጀምሮ እስከ ሰኞ ከወልቂጤ እንዳይወጣ ያዘዘው ይመስላል። ይህም በ«አንቲል» የሚነገረው ሌላ ትእዛዝ ነው። ጥፋቱ የ«እስከ» አይደለም፤ «እስከ ዓርብ ቅጹን ማስገባት አለብህ» ሲባል ቀነ ገደብ መሆኑን የማይረዳ የለም። ልዩነቱ የሚመጣው ከግሱ ጠባይ ነው። ማስገባት በአንድ ጊዜ የሚፈጸም ድርጊት ሲሆን፥ መሆን የሚዘልቅ ሁኔታ ነው፤ «እስከ» ከፊተኛው ጋር ቀነ ገደብ፥ ከኋለኛው ጋር ቆይታ ይሆናል። እንግሊዝኛ በመስተዋድዱ የለየውን አማርኛ በግሱ ይለየዋል ማለት ነው። ስለዚህ «እስከ ሰኞ ወልቂጤ መግባት አለብህ» ብንል የ«ባይ»ን፥ «እስከ ሰኞ ወልቂጤ መቆየት አለብህ» ብንል የ«አንቲል»ን ትእዛዝ ያለ ጥርጥር እናደርሳለን። መስተዋድዱን ለመተርጐም ግሱን መለወጥ ግድ ሆነ፤ ይህም በ«ባይ» ሥር ሊጻፍ የሚገባው ነገር ነው። (በደብዳቤው ላይ «ስድስት ሰዓት» ቢጨመርበት የሰዓት አቈጣጠሩ ጣጣ ሌላ ነው፤ እሱን ለጊዜው ትተነዋል።)

«መናኸሪያ መሆን አለበት» የሚለውም ሁለት መልክ አለው። ስልኩን ስለማያነሣ ሾፌር ወዳጁ ሲናገረው ግምት ነው፤ ተራው ስለ ደረሰ ሾፌር ተቈጣጣሪው ሲናገረው ግዴታ ነው። በዚህ ረገድ አማርኛና እንግሊዝኛ ይመሳሰላሉ፤ «መስት»ም ሁለቱንም ይሸከማል፤ «ከ12 ሰዓት በፊት» የሚል የጊዜ ሐረግ ሲታከልበትም በሁለቱም ቋንቋዎች ሚዛኑ ወደ ግዴታው ያዘነብላል። አማርኛ ግን ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አለው። ለግዴታ «መናኸሪያ መገኘት አለበት»፥ ለግምት «መናኸሪያ ሳይሆን አይቀርም» ይላል። የኋለኛው ከ«መስት» ጥቂት ለዘብ ይላል የሚል ተቃውሞ ሊቀርብበት ይችላል፤ ተቃውሞው እውነት አለው። ቢሆንም ከሚያሻማው ይልቅ የሚለዝበውን እንመርጣለን። በትርጕም ዜናና በትርጕም ልብ ወለድ ውስጥ «መሆን አለበት» ግምትን ሁሉ ሲጠቀልል፥ «ሳይሆን አይቀርም» የመሰለ ያገር ንግግር ከገጹ መራቁ ያሳዝነናል።

ከሁሉ የሚበልጠው ችግር ግን «አለበት» ራሱ መስተዋድድ ያለበት ግስ መሆኑ ነው። በ«አለ» ላይ «በ» እና የተሳቢ ቅጥያ ታክለውበት የተሠራ ነው። ዕዳ ያለበት፥ ወባ ያለበት፥ ሥራ ያለበት የምንለው ሁሉ ጫናው በሰውየው ላይ መሆኑን በዚሁ «በ» እንናገራለን። «ስብሰባ አለኝ» በሚለውና «ስብሰባ አለብኝ» በሚለው መካከል ያለው የስሜት ልዩነት ከዚህችው ፊደል የመጣ ነው። ይሁን እንጂ አማርኛ በአንድ ግስ ላይ ከአንድ የበለጠ እንዲህ ያለ ቅጥያ አይፈቅድም። «መኪናው የሚቆምበት ቦታ» ስንል «በት» ቦታውን ያመለክታል፤ የእንግሊዝኛው «አት» በውስጡ አለ። «መኪናው መቆም ያለበት ቦታ» ስንል ግን «በት» የመኪናው ይሆናል፤ ቦታው ያለ መስተዋድድ ይቀራል። ይህን ለመፈተን ባለቤቱን መለወጥ ይበቃል፤ «መቆም ያለብን ቦታ» እንላለን እንጂ ቦታውን የሚያመለክት ሌላ «በት» የምናስገባበት ክፍተት አናገኝም። «አለበት» መስተዋድዱን ዋጠው። በ«ይገባል» ብንተካው ነገሩ ይለወጣል፦ «ልንቆምበት የሚገባን ቦታ»። እዚህ «በት» ለቦታው፥ «ን» ለእኛ ሆነው ሁለቱም በየግሳቸው ላይ ይቀመጣሉ። «ልንቆምበት የምንችል ቦታ» በሚለውም መስተዋድዱ አይጠፋም።

ስለ ቦታ ሲሆን «ቦታ» የሚለው ስም ራሱ ስለሚረዳን ጉዳቱ አይታወቅም። የመሣሪያ ወይም የተቋም ስም ሲመጣ ግን ይታወቃል። በክትፎ አገር «መክተፍ ያለብን ቢላ» ብንል ሰሚው ቢላውን ልንከትፈው ነው ብሎ ቢስቅ አይፈረድበትም፤ «ልንከትፍበት የሚገባን ቢላ» ስንል ይስተካከላል። «መክፈል ያለብን ባንክ» ግን የሚያስቅ አይደለም። ገንዘቡ ለባንኩ ነው የሚከፈለው ወይስ በባንኩ በኩል ለሌላ? እንግሊዝኛ በ«ቱ»ና በ«አት» የለየውን አማርኛችን ደፈነው። «ልንከፍለው የሚገባን» እና «ልንከፍልበት የሚገባን» ብሎ መለየት እየተቻለ «ያለብን» መባሉ የቋንቋው ድህነት ሳይሆን የተርጓሚው ችኰላ ነው።

የአሉታው ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። እንግሊዝኛ «መስት ኖት» ሲል ይከለክላል፥ «ኒድ ኖት» ሲል ግዴታን ያነሣል። አማርኛ ለሁለቱም «የለበትም» ሊል ይችላል፤ «በር ላይ መጠበቅ የለብህም» የተባለ ሰው ተከልክሎ ይሁን ነጻ ወጥቶ ከድምፁ ቃና ካልሆነ በስተቀር አያውቅም። በጽሑፍ ላይ ደግሞ ቃና የለም። በቡታጅራና በዙሪያዋ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የጀመሩት የገጠር ጤና ፕሮግራም ለብዙ ጥናቶች መሠረት ሆኗል። በእንዲህ ያለ ሥራ የፈቃድ ቅጽ በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ ወደ አማርኛ መመለሱ የተለመደ ነው። ተጠያቂው በጎረቤት ፊት መልስ የመስጠት ግዴታ እንደሌለበት የሚገልጽ ዐረፍተ ነገር ቢያጋጥመን «በጎረቤት ፊት መመለስ የለብዎትም» ብለን እንተርጕመው? እንዲህ ብናደርግ መብት የተሰጠው ሰው ትእዛዝ የተሰጠው ሆኖ ይሰማዋል። ሌላም ጉዳት አለ፤ አሉታው በመስተዋድዳዊው ሐረግ ላይ ስለሚያርፍ፥ ጎረቤት በሌለበት ግን የግድ ይመልሳሉ የሚል ትርጕም ይከተለዋል። «በጎረቤት ፊት መመለስ ካልፈለጉ አይገደዱም» ማለት ከሁለቱም ያድናል። በግምት ረገድ ደግሞ «የለበትም» ጨርሶ አያገለግልም፤ እዚያ ሊሆን አይችልም ለማለት «ቡታጅራ መሆን የለበትም» የሚል አማርኛ ተናጋሪ የለም።

ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት የእንግሊዝኛ አማርኛ ዐውዳዊ መዝገበ ቃላት ቃሉን በዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ስለሚያሳይ መንገዱ ትክክለኛ ነው። የሚቀረው ሥራ ሁለት ጥምረቶችን ጎን ለጎን አቁሞ ማነጻጸር ነው፤ በ«ባይ» የተነገረውንና በ«አንቲል» የተነገረውን አጠገብ ላጠገብ ያላየ ተማሪ «እስከ» ምን እንደሚያደርገው አያስተውልም። እኒሁ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1979 የጉራጌ ቋንቋዎችን ሥርወ ቃላዊ መዝገበ ቃላት በሦስት ቅጽ አሳትመዋል። ለጉዳያችን የሚጠቅም ነገር በእነዚህም ቋንቋዎች ዘንድ አለ። ቸሃ ለጥቅም «ረ»ን፥ ለጉዳትና ለመሣሪያ ደግሞ ላላ ብሎ የሚነገር «በ»ን ከግሱ ጋር ያጣምራል፤ የአማርኛ «ለት» እና «በት» አቻዎች ናቸው። ስለዚህ ቸሃ አፍ የፈታበት የወልቂጤ ተማሪ መስተዋድድ በግስ ውስጥ እንደሚገባ ከቤቱ ያውቀዋል። እንግሊዝኛ መስተዋድዱን ከግሱ ውጭ አቁሞ እንደሚተወው በዚሁ መነሻ ቢነገረው፥ ከሰንጠረዥ ከሚሸመድደው ይልቅ ቶሎ ይገባዋል ብለን እናምናለን።

ለሚዘጋጁት መዝገበ ቃላት የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። በ«መስት» ሥር «አለበት» ብቻውን አይቁም፤ የቦታ ሐረግ ሲከተለው «መገኘት አለበት» እና «ሳይሆን አይቀርም»፥ የ«ባይ» ሐረግ ሲከተለው «መግባት» ወይም «መድረስ አለበት» ተብሎ ይጻፍ፤ ተዛማጅ ሐረግ ሲሆን ወደ «ይገባል» ይመራ። «የለበትም» በ«መስት ኖት» ሥር ብቻ ይቅር። ለ«ኒድ ኖት» «አይገደድም»፥ «አያስፈልገውም» እና «አይጠበቅበትም» ቀርበዋል፤ የመጨረሻው አሁንም «በ»ን በሆዱ ስለ ያዘ ለተዛማጅ ሐረግ አይመችም፤ እኛ የመጀመሪያውን እናስቀድማለን።