ምድጃውን ማን አነደደው? የእንግሊዝ ታሪካዊ ድራማ ከጋሞ ሲታይ

«ዳውንተን አቢ» ሲከፈት ዴዚ የምትባል የወጥ ቤት ልጅ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ በየክፍሉ እሳት ታነዳለች። ጌቶቹ ሲነቁ ቤቱ ሞቆ ይጠብቃቸዋል፤ እሷ በቦታው የለችም። ታች ቤት ደግሞ የዕለቱ ጋዜጣ በካውያ ይተኮሳል፣ የማተሚያው ቀለም የጌታውን ጣት እንዳይነካ። ዜናው የታይታኒክ መስጠም ነው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1912።

ጁሊያን ፌሎውስ የጻፈው፣ በሃይክሌር ቤተ መንግሥት የተቀረጸውና እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2015 በአይቲቪ የታየው ይህ ተከታታይ ድራማ በስድስት ምዕራፎቹ የተመልካቹን አሳብ ለሁለት ከፍሎ ኖሯል። ወዳጆቹ ወግና ሥርዓቱን፣ አለባበሱን፣ በጌታና በአሽከር መካከል ያለውን መተሳሰብ ያወድሳሉ። ነቃፊዎቹ፣ ከእነርሱም አንዱ የታሪክ ምሁሩ ሳይመን ሻማ፣ ለመሳፍንት ያደረ ናፍቆት ይሉታል። የፊልም ሐያሲው አንድሩ ሂግሰን እ.ኤ.አ. በ1993 ስለዚህ ዓይነቱ ሥራ የሰነዘረው ሂስ ዛሬም አላረጀም። ታሪኩ ሥርዓቱን ሊተች ቢነሳ እንኳ ካሜራው በዕቃውና በግቢው ውበት ይማረክና ትችቱን ያለዝበዋል።

ሁለቱም ወገኖች ግን ክርክራቸውን ከግቢው አጥር አያወጡም። የሚጠይቁት ዴዚ ተከብራለች ወይስ ተዋርዳለች ብለው ነው። እንጨቱን ማን ቆረጠው፣ ቤቱን የሚያቆመው ኪራይ ከማን ጓሮ ይመጣል የሚለው ዳር ይቀራል። ድራማው ጭሰኛ ጨርሶ የለበትም ማለቴ አይደለም። በአራተኛው ምዕራፍ ድሩ የተባለ ጭሰኛ ውዝፍ ኪራይ ተቆልሎበት ከመሬቱ ሊነሳ ሲል ሎርድ ግራንትሃም ዕዳውን የሚከፍልበትን ገንዘብ ራሱ ያበድረዋል። ትዕይንቱ ልብ ይነካል፤ እንደ ሂስ ካየነው ግን ብልጠት አለው። ኪራይ የሚጠይቀውና ለኪራይ የሚያበድረው አንድ ሰው ሆኖ ሳለ ተመልካቹ የሚያስታውሰው አበዳሪውን ብቻ ነው።

የዴዚን እሳት ከጋሞ ደጋ ሆኖ ለሚያይ ሰው ማገዶው ራሱ ታሪክ አለው። የምኒልክ ጦር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደጋውን ከያዘ በኋላ ጨንቻ የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች፤ ገበሬውም ለሹማምንትና ለወታደሮች በገባርነት ተደለደለ። ገባር ግብር ከፍሎ አይገላገልም። እንጨት ይለቅማል፣ እህል ያስፈጫል፣ አጥር ያጥራል፣ ስንቅ ይሸከማል። አርባ ምንጭ በ1950ዎቹ ተቆርቁራ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫነትን ከጨንቻ ስትረከብ ገባርነት በሕግ ቀርቶ ነበር፤ ጭሰኝነቱ ግን እስከ የካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ ዘልቋል። ስለዚህ ዛሬ በአርባ ምንጭ፣ በሲቀላ ወይም በሴቻ ሳሎኑ ቁጭ ብሎ ፊልም የሚያይ ሰው ይህን ሁሉ ከአያቱ አፍ የሰማ ሊሆን ይችላል።

ዘመኑም ይገጣጠማል። በአምስተኛው ምዕራፍ ዳውንተን ቤት ሬዲዮ የሚገባው የንጉሥ ጆርጅን ንግግር ለመስማት ነው፤ ንጉሡ በዌምብሌይ የግዛታቸውን ኤግዚቢሽን ሲከፍቱ። ወሩ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1924፣ በእኛ ሚያዝያ 1916 ነው። በዚያው በ1916፣ መስከረም ላይ ኢትዮጵያ የባሪያን ነገር እየተጠየቀች የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ መጋቢት ላይ የባርነት አዋጅ ወጣ፤ ሐምሌ ላይ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ለንደን ነበሩ። የዳውንተን ሰዎች በሬዲዮ ድምፅ ሲደነቁ የጨንቻ ገባር እንጨቱን ተሸክሞ ዳገት ይወጣ ነበር።

የአገራችን ተመልካች ለዚህ ዓይነቱ ክርክር አዲስ አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ያደመጠ ትውልድ ፊታውራሪ መሸሻን፣ ሰብለ ወንጌልን፣ በዛብህንና ጉዱ ካሳን እንደ ጎረቤቱ እያማ ነው ያደገው። የሐዲስ ዓለማየሁን ልቦለድ ከፌሎውስ ድራማ ጎን ብናቆመው ልዩነቱ ገሃድ ይወጣል። በዳውንተን አብዮተኛው አየርላንዳዊ ሹፌር ብራንሰን የጌታውን ልጅ ሲቢልን ያገባል፤ እሷ በወሊድ ስትሞት እሱ እዚያው ቀርቶ የርስቱ አስተዳዳሪ ይሆናል፤ አመፁም በደመወዝ ይበርዳል። በሐዲስ ዘንድ የጌታን ልጅ የወደደው መምህር በቤቱ ቦታ አያገኝም፤ የተማረረው ባላገርም ምሕረት አይለምንም፣ ተነስቶ ፊታውራሪውን ይማርካቸዋል። ልቦለዳችን ግማሽ ክፍለ ዘመን ያህል ቀድሞ ከግቢው አጥር ወጥቷል። ይህን ስል ለአገሬ ማድላቴ አይደለም፤ እንዲያውም ሐዲስ የሚያውቁትን ጎጃምን ነው የጻፉት፣ የደቡቡን ገባር አልነኩትም።

በእኛ ታሪካዊ ድራማዎች ጋሞ በአብዛኛው የሚገባው በልብስ በኩል ነው። ከደጋው ወርደው ሽሮ ሜዳ የሰፈሩት የዶርዜና የሌሎች ደሬዎች (የጋሞ አካባቢዎች) ሸማኔዎች የሠሩት ኩታና ጋቢ በመኳንንቱ ትከሻ ላይ ይታያል። ድርና ማግ ሲወረወር ያደገ ሰው ዓይኑ ከተዋናዩ ፊት በፊት ጥለቱ ላይ ያርፋል፤ በዚያ ዘመን ያልነበረ የፋብሪካ ክር ካለበት ወዲያው ያውቀዋል። ሂግሰን የተጠራጠረው የልብስ ውበት እዚህ ተገልብጦ የሂስ መሣሪያ ይሆናል።

የባህል ጥናት ምሁሩ ስቱዋርት ሆል ተመልካች መልእክትን ተቀብሎ፣ ተደራድሮ ወይም ተቃውሞ ያነበዋል ብሎ ነበር። የጋሞ ተመልካች ተቃዋሚ ነው ብሎ መደምደም ይቀላል፤ ትክክል ግን አይመስለኝም። ጋሞ ራሱ ላይና ታች ቤት ነበረው። ማላው፣ ማለትም ባለ ሙሉ መብቱ ወገን፣ መሬት አለው፣ በዱቡሻ (በሕዝብ ሸንጎ) ይናገራል፣ ለሀለቃነት (ለባህላዊ ሹመት) ይታጫል። ቆዳ ፋቂውና ቀጥቃጩ ደጋላ ግን ከዚህ ማዕረግ ውጭ ነበር፤ ከማላ ጋር አይጋባም። በገባርነት የተበደለው ማላ በደጁ ሌላ ሰው አስቀምጦ ነበር። የብራንሰንና የሲቢልን ጋብቻ በጋሞ ምድር የሚመስለው የነፍጠኛ ልጅና የገባር ልጅ ጋብቻ ብቻ አይደለም። የማላ ልጅ ደጋላ ስታገባ በቤቷ የሚነሳው ቁጣ ይበልጥ ይመስለዋል፤ ጨንቻን ለቴሌቪዥን የሚጽፍ ደራሲ ቢገኝ ከአያቶቻችን ጋር የሚያጣላው ትዕይንት እሱ ነው።