«አለርጂ እንዳይነሳ» የሚወጋው መርፌ በእርግጥ ምን ይከላከላል?

ከድሬዳዋ ደንገጎን ወጥቶ ሐረር፣ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ድረስ ዘመዱን ለኬሞቴራፒ የሸኘ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም፦ ዋናው መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ሌላ መርፌ ይሰጣል፣ ታካሚዋም እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል። ለምን? «አለርጂ እንዳይነሳ ነዋ!» እኛ መምህራንም ብዙ ጊዜ የምንመልሰው ይህንኑ ነው። መልሱ ግን ግማሽ ነው።

ፓክሊታክሰልን እንውሰድ። ለጡት ካንሰር ከሚሰጡት አንዱ ነው። ውሃ ውስጥ በደንብ ስለማይሟሟ ክሬሞፎር በሚባል፣ ከጉሎ ዘይት በተሠራ ፈሳሽ ይሟሟል። (አዎ፣ ያው ምጣድ የሚታሰስበት ጉሎ!) በ1980ዎቹ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ መጀመሪያ ሲሞከር ብዙ ታካሚዎች ሰውነታቸው ተቆጣ፤ ትንፋሽ አጠራቸው፣ የደም ግፊታቸው ወረደ። ተመራማሪዎቹ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አደረጉ። ጠብታውን እስከ 24 ሰዓት አዘገዩት፣ ስቴሮይድና ሁለት ዓይነት ፀረ ሂስታሚንም አስቀድመው ሰጡ። አደጋው ቀነሰ። ግን የትኛው ነው የሠራው?

በ1994 የታተመ የአውሮፓና የካናዳ ጥናት የ3 ሰዓቱን ጠብታ ከ24 ሰዓቱ ጋር አወዳደረ። ሁሉም ቅድመ መድኃኒቱን ወስደዋል፤ ከባድ መቆጣት የገጠማቸው በጠቅላላው 1.5 በመቶ ገደማ ሲሆኑ የጠብታው ፍጥነት ለውጥ አላመጣም። ስለዚህ ቅድመ መድኃኒቱ ይሠራል ማለት ይቻላል። ከሦስቱ የማን ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ግን ጥናቱ አይለይም። የፓክሊታክሰል ዘመድ ለሆነው ዶሴታክሰል በመመሪያው የታዘዘው ስቴሮይድ ብቻ መሆኑ ደግሞ ያስጠረጥራል።

ፀረ ሂስታሚን ሂስታሚን እንዳይለቀቅ አያግድም። ቀድሞ ተቀባዩ ላይ ይቀመጥና የተለቀቀው ሂስታሚን ቦታ ያጣል። ማሳከኩና ሽፍታው ይቀንሳል። ነገር ግን ማስት የሚባሉት ሴሎች ሊዩኮትራይንን የመሳሰሉ ሌሎች ኬሚካሎችም ይለቃሉ፤ በእነዚህ ላይ አቅም የለውም። ጉሮሮ ሲዘጋና ግፊት ሲወርድ ቀድሞ የሚሰጠው አድሬናሊን ነው።

ሌላው ቅሬታዬ ምርጫው ላይ ነው። በብዙ አገር የሚታዘዘው ዳይፈንሃይድራሚን በአሜሪካ ከ1946 ጀምሮ ያለ ነው፤ አንጎል ውስጥ ስለሚገባ ያስተኛል። ሴትሪዚንን የመሰሉ አዳዲሶቹ በጣም ያነሰ ነው የሚያስተኙት። ልማድ ካልሆነ በስተቀር አሮጌው ሁሌ ለምን እንደሚቀድም አይገባኝም። (መቀየሩ የሐኪም ውሳኔ ነው፤ ማንም በራሱ እንዳይሞክረው።)

እንቅልፉ ደንገጎን ሲወርዱ ሚኒባስ ውስጥ ከማንጎላጀት ያለፈ ጣጣ አለው። የፓክሊታክሰል መቆጣት በአብዛኛው የሚመጣው በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ዙር፣ ጠብታው በተጀመረ በ10 ደቂቃ ውስጥ ነው። «ደረቴን ጨመቀኝ፣ ወገቤን አመመኝ» ብላ ለነርሷ መናገር ያለባት ያን ጊዜ ነው፤ እኛ ደግሞ ያን ጊዜ አስተኝተናታል።