ድመቱ፣ መስፍኑና መምህሩ

«ግንብ» ሲባል እኛ ቶሎ የሚታየን ድንጋይና ኖራ ነው። የጎንደር ልጅ ከሆናችሁማ ሌላ ዓይነት ግንብ አለ ቢሏችሁም አታምኑም። የጃፓን ግንብ ግን ድንጋይነቱ ከወገቡ በታች ነው። ከዚያ በላይ እንጨት፣ ጭቃና የጣራ ሸክላ ነው። ስለዚህም ይቃጠላል፣ ይበሰብሳል፣ ተሸጦም ይፈርሳል። የመሳፍንቱ ዘመን ካበቃ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1873፣ መንግሥት አብዛኛዎቹ ግንቦች እንዲወገዱ ወሰነ። ጦርነቱ ደግሞ የተረፈውን ለበለበው። ዛሬ በመላ አገሪቱ ከጥንት እንደቆመ ያለው ዋና ማማ 12 ብቻ ነው።

ታዲያ ያ በፖስት ካርድ የምናየው ሁሉ ምንድን ነው ትሉ ይሆናል። በአብዛኛው አርማታ ነዋ! የኦሳካው ማማ በ1931 በአርማታ የተሠራ ነው። የናጎያው በ1945 በአየር ድብደባ ተቃጥሎ በ1959 በአርማታ ተተካ። ውጭው መስፍን፣ ውስጡ ሙዚየም። ቤተሰቡ ትኬቱን ይቆርጣል፣ በአሳንሰር ሽቅብ ይወጣል፣ ከላይ ሆኖ ከተማውን ያያል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይወርዳል። ማታ ልጁን «ምን አየህ?» ብትሉት «ከተማ» ነው የሚላችሁ። እውነቱን ነው።

የዛሬው ነገሬ ግን ሌላ ግንብ ላይ ነው። በኦካያማ ክፍለ ሀገር፣ ነዋሪዋ 30 ሺህ በማይሞላ ታካሃሺ በምትባል ከተማ፣ 430 ሜትር ከፍታ ባለው ተራራ ላይ ቢቹ ማትሱያማ የሚባል ግንብ አለ። ከ12ቱ መካከል ተራራ አናት ላይ የቀረው እሱ ብቻ ነው። የዛሬውን መልክ የያዘው ከ1681 እስከ 1683 በተደረገው ሥራ ነው። ማማው ባለ ሁለት ፎቅ ሲሆን ቁመቱ 11 ሜትር ያህል ነው፤ ከኦሳካው አጠገብ ቢያቆሙት የዘበኛ ቤት ይመስላል።

እዚህ መኪና በር ድረስ አያደርስም። ቤተሰቡ ወገቡ ላይ ይወርድና 700 ሜትር ያህል በእግሩ ይወጣል። ልጆች ይቀድማሉ፣ እናት ምሳውን ቋጥራ ትከተላለች፣ አያት ግማሽ መንገድ ላይ ድንጋይ ላይ አረፍ ይላሉ። አንዳንዴም እዚያው ይቀራሉ። የደረሰው ጫማውን አውልቆ ይገባል። ደረጃው መሰላል ነው ማለት ይቀላል። መሬት ቤቱ ውስጥ የድንጋይ ምድጃ አለ፤ በከበባ ጊዜ መብል የሚበስልበት። ከፍ ብሎ ደግሞ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ወለሏ ሥር ድንጋይ ተጠቅጥቋል፣ ማንም ሾልኮ እንዳይገባ። ግንቡ ቢወድቅ መስፍኑና ቤተሰቡ የሚሞቱባት ክፍል ናት ይባላል።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሚስት፣ ልጆች፣ ሁሉም። ልጆቹን ይዞ ለሽርሽር የመጣ አባት የቆመው፣ ሌላ አባት ልጆቹን ይዞ ሊሞትባት ያዘጋጃት ክፍል ፊት ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ከተማሪዎቼ ጋር እንዲህ ያለ ቦታ ለማግኘት ስንት ድርሰት እናገላብጥ ነበር! እዚህ ጣውላው ራሱ ይተርካል። ደግነቱ፣ ክፍሏ ሥራ አልያዘችም። በ1868 የሾገኑ መንግሥት ሲወድቅ ግንቡ ያለ ውጊያ ተረከበ።

ሂሴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ይህ ግንብ የሚሸጠው በዚህ ታሪኩ አይደለም። የሚሸጠው በሁለት ነገር ነው፤ በደመናና በድመት። በመከር ንጋት ጉም ሸለቆውን ሲሞላው ማማው ሰማይ ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል፤ ከማዶ ተራራ ፎቶው ይነሳል። ድመቱ ደግሞ ሳንጁሮ ይባላል። ከሐምሌ 2018ቱ ታላቅ ጎርፍ በኋላ ጎብኚ በራቀበት ወቅት ግንቡ ላይ ተገኘና «የግንቡ ጌታ» ተብሎ ተሾመ፤ ጎብኚውም ተመለሰ። ስሙ የተወሰደው ከዚያው አገር ከወጣና ለሾገኑ ሰይፍ ከመዘዘ ሰው ነው። የሰይፈኛ ስም ለድመት! ጎርፍ የመታት ትንሽ ከተማ ድመት ቢያተርፋት ማን ይፈርዳል? እኔ አልፈርድም። ችግሩ ድመቱ መጥቶ መቀመጡ አይደለም፣ የሰው ዓይን ከእሱ አልፎ አለመሄዱ ነው።

ምክንያቱም ግንቡን ያተረፈው ሳንጁሮም መስፍኑም አይደለም። ከ1873 በኋላ ከተራራው ሥር ያለው ቤተ መንግሥት ሲፈርስ፣ ማማው የቀረው እዚያ ድረስ ወጥቶ ማፍረሱ ስላስቸገረ ነው። ስንፍና አዳነው ማለት ነው። ከዚያ ለስድሳ ዓመታት ያህል ጣራው እየረገፈ፣ ዛፍ እየወረረው ኖረ። በ1920ዎቹ ማለቂያ ገደማ ሺኖ ቶሞሃሩ የተባለ የዚያው ከተማ የሁለተኛ ደረጃ መምህር እየወጣ መረመረው፣ ጻፈበት፣ ሰው አነቃ። በ1939 እና በ1940 ሲታደስ ሸክላውን በትከሻቸው ወደ ላይ ያጓጓዙት የከተማው ተማሪዎች ነበሩ። ዘመኑን ማስጌጥ አልፈልግም፤ ጃፓን ያኔ ቻይና ላይ ጦርነት ላይ ነበረች፣ ተማሪን ለሥራ ማሰለፍም ወግ ነበር። ሸክላው ግን ከብዷቸዋል፤ ጣራውም ቆሟል።

«እውነተኛው ይሄ ነው፣ አርማታው ሐሰት ነው» ብዬ ላበቃ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። እዚህም ቢሆን የቅጥሩና የበሩ ብዙ ክፍል በ1990ዎቹ እንደገና የተሠራ ነው። አሳንሰሩንም አልንቅም። ናጎያ ማማውን በ2018 ዘግታ በእንጨት መልሼ እሠራለሁ ስትል፣ «አሳንሰር ከሌለው እኛስ?» ብለው የተነሱት አካል ጉዳተኞች ናቸው፤ ጥያቄያቸው ከማንኛውም የጥንታዊነት ክርክር ይበልጥብኛል። ግንብ የሚዋሸው በአርማታ አይደለም፤ ማን እንደሠራው፣ ማን እንደተሸከመው፣ ማን ሊሞትበት እንደነበር ሳይናገር ሲቀር ነው።

ታካሃሺዎችን ብመክር ድመቱን አስወጡ አልልም። ከመንገዱ ግማሽ፣ አያት አረፍ ከሚሉበት ድንጋይ አጠገብ፣ አንድ የጣራ ሸክላ አስቀምጡ እላለሁ። የሚወጣ ልጅ ሁሉ ያንሳው፣ ጥቂት እርምጃ ይሸከመው፣ ይመልሰው። አያትም እዚያው ተቀምጠው ጭናቸው ላይ ያኑሩት። ማማው ድረስ መውጣት ቢያቅታቸውም፣ ቁራሹ እጃቸው ገብቷል።