የዕቃ ባቡርና ተመልካቹ

ማየትና ማስተዋል አንድ አይደሉም። ዐይን ያለው ሁሉ ያያል፤ የሚያስተውለው ግን ለሚያየው ነገር ጊዜና ትዕግሥት የሰጠ ብቻ ነው። ይህን ለማለት ያነሣሣን በአሜሪካ ብዙ ወዳጆችን ያፈራው የባቡር ተመልካችነት ልማድ ነው። ተመልካቾቹ ካሜራና የማስታወሻ ደብተር ይዘው ከሀዲድ ዳር ይቆማሉ፤ ባቡሩ ሲመጣ ፎቶግራፍ ያነሣሉ፤ ቁጥሩንም ይመዘግባሉ። ነገሩን የሥራ ፈት ጨዋታ ነው ብለው የሚያቃልሉት አሉ። እኛ ግን ከዚህ ልማድ የተገኘው ሥዕል እንደ ማናቸውም የጥበብ ሥራ ሊመዘን ይገባዋል እንላለን።

ለምዘናችን መነሻ እንዲሆነን ጄኔቫ የተባለችውን ከተማ እንውሰድ። ይህች የስዊሷ ጄኔቫ ሳትሆን በኒው ዮርክ ስቴት በሴኔካ ሐይቅ ሰሜናዊ ጫፍ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የምድር ባቡር የደረሰላት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1841 ነበር። ዳሩ ግን በ1853 ከሲራኪውዝ ወደ ሮቸስተር በቀጥታ የሚወስድ ሌላ ሀዲድ ስለ ተዘረጋ፣ በሐይቆቹ በኩል የሚዞረው የጄኔቫ መሥመር ዋናነቱን አጣ። ከብዙ ዘመን በኋላ በ1980 የወጣው የምድር ባቡር ሕግ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ጥቅም የማይሰጧቸውን መሥመሮች በቀላሉ እንዲሸጡ ወይም እንዲተዉ በር ከፈተላቸው። በዚህም ምክንያት «ሾርት ላይን» የተባሉት አጭር መሥመር ያላቸው ኩባንያዎች በረከቱ። የጄኔቫውም መሥመር በ1995 ፊንገር ሌክስ በተባለ ኩባንያ እጅ ገባ። ስሙ «የጣት ሐይቆች» ማለት ሲሆን፣ በአካባቢው ያሉት ሐይቆች እንደ ጣቶች ቀጭንና ረዣዥም በመሆናቸው የወጣ ነው።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ሥፍራ የቆመ ተመልካች ምን ያያል? ፈጣን ባቡር የሚፈልግ ከሆነ ባዶ እጁን ይመለሳል። በአገሩ ደንብ መሠረት የመጨረሻው ደረጃ በሆነው ሀዲድ ላይ የዕቃ ባቡር በሰዓት ከ10 ማይል፣ ይኸውም ከ16 ኪሎ ሜትር በላይ እንዲሄድ አይፈቀድለትም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለው፣ የአጭር መሥመር ባቡር አካሄዱ በዝግታ ነው። መንገድ ሲያቋርጥ ሁለት ጊዜ ረዘም፣ አንድ ጊዜ አጠር፣ ደግሞም ረዘም አድርጎ ይጮኻል። ከአንድ ፋብሪካ ወይም ጎተራ አጠገብ ሲደርስ ይቆማል። አንዱ ሠራተኛ ወርዶ የሀዲዱን መለወጫ ይመልሳል፤ ባቡሩ ወደ ኋላ ሄዶ ባዶውን ፉርጎ ይስባል፤ ሙሉውን በቦታው ያስቀምጣል። ታላቁ ባቡር የሚመጣው ለማለፍ ነው፤ ትንሹ የሚመጣው ለመሥራት ነው። ተመልካቹም ይህን ልዩነት ከተረዳ፣ አንድ ከተማ ከውጭ ምን እንደሚያስመጣና ወደ ውጭ ምን እንደሚልክ እንደ ተገለጠ መጽሐፍ ሊያነበው ይችላል።

በዚህ ረገድ የባቡር ፎቶግራፍ ሊቅ ተብሎ የሚነሣው ዊንስተን ሊንክ ነው። ሊንክ ከ1955 እስከ 1960 ድረስ የኖርፎክና ዌስተርን ምድር ባቡር የመጨረሻዎቹን በእንፋሎት የሚሠሩ ባቡሮች በሌሊት እያነሣ በብዙ አምፖሎች ብልጭታ ጨለማውን ብርሃን አድርጎታል። የሥራው ታላቅነት ባቡሩን ብቻውን አለመተዉ ነው። በባቡሩ አጠገብ የሚኖሩትን ሰዎች፣ በቤታቸው መስኮት፣ በወንዝ ውስጥ፣ በነዳጅ ማደያ አኑሮ አሳይቶናል። በ1956 ባነሣው ዝነኛ ሥዕሉ ላይ ሁለት ወጣቶች በመኪና ተቀምጠው በሜዳ ላይ ሲኒማ ሲመለከቱ፣ ከኋላቸው የዕቃ ባቡር ጭሱን እየተፋ ያልፋል። በሲኒማው መጋረጃ ላይ የሚታየውን አውሮፕላን ግን ሊንክ በኋላ ከሌላ ፊልም የጨመረው ነው፤ የብልጭታው ብርሃን መጋረጃውን አጥፍቶበት ነበርና።

ይህን በማድረጉ አታላይ ነው አንለውም። ሠዓሊ የተበተነውን መሰብሰብ መብቱ ነው። ነቀፌታችን በሌላ በኩል ነው። በሊንክ ሥዕሎች ውስጥ ባቡሩ እንደ ንጉሥ ያልፋል እንጂ የጫነው ነገር ምን እንደ ሆነ፣ የትስ እንደሚራገፍ እምብዛም አይታይም። እንፋሎቱ የሚያልፍ ዘመን ምልክት ስለ ሆነ ሥዕሉ የለቅሶ ዜማ ሆኖ ቀረ። ከእርሱ በኋላ የመጡት ብዙዎች ደግሞ ብርሃኑንና ትዕግሥቱን ሳይሆን ለቅሶውን ብቻ ወረሱ።

የጄኔቫውን ኩባንያ ለዚህ ምሳሌ ማድረግ ይቻላል። ባቡሮቹን የቀባቸው የጥንቱን የኒው ዮርክ ሴንትራል ኩባንያ ቀለም በሚያስታውስ መልክ ነው። ካሜራ የያዘውም ሰው ፀሐይን ከጀርባው አድርጎ፣ የባቡሩን ግንባርና አንድ ጎኑን አንሥቶ፣ ያለፈው ዘመን የተመለሰ መስሎት ደስ ብሎት ይሄዳል። ከቀለሙ በታች ያለው እውነት ግን የዛሬ ነው። በአሁኑ ጊዜ የሚሠራበት አንድ ሙሉ ፉርጎ እስከ 286,000 ፓውንድ፣ ይኸውም ወደ 130 ቶን ይመዝናል። ቀላል ለነበረው ፉርጎ የተዘረጋ አሮጌ ሀዲድና ድልድይ ይህን ሊሸከም ካልቻለ ደንበኛው ዕቃውን በካሚዮን ይልካል፤ ደንበኛ ያጣ መሥመርም ይዘጋል። ስለዚህ የበሰበሰው የሀዲድ ዕንጨት፣ በሣር የተዋጠው የጎተራው ቅርንጫፍ ሀዲድ፣ ትናንት ሦስት የነበረው ዛሬ ሁለት የሆነው የፉርጎ ቁጥር ከሚያብረቀርቀው ቀለም ይልቅ ሥዕል ሊሆኑ ይገባቸው ነበር። የፉርጎዎቹን ተራ በየቀኑ በደብተሩ የሚጽፈው ዝምተኛ ተመልካች፣ በእኛ ሚዛን፣ ውብ ሥዕል ከሚያነሣው ይበልጣል።

ይህ ነገር እኛን አይመለከተንም የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ቢሾፍቱም በሐይቆች መካከል ያለች የባቡር ከተማ መሆንዋን እናስታውሰዋለን። ከጅቡቲ የተነሣው አሮጌው ሀዲድ በእኛ አቆጣጠር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ በእርሷ በኩል አልፎ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ መሥመርም በዚያው አቅጣጫ ይሄዳል። ስለ አሮጌው ባቡር ሲወራ የተጓዡ ናፍቆትና የጣቢያው ስንብት ይነሣል። ፉርጎውን ማን ጫነው፣ ስንት ቀን በመንገድ ቆየ፣ በየጣቢያውስ ምን ተራገፈ የሚለውን ግን የሚያውቁት በሥራው ላይ ያረጁት ሰዎች ናቸው፤ እነርሱም ዕድሜያቸው እየገፋ ነው።

ስለዚህ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ ሀዲድ ዳር ሲወስዱ፣ የባቡሩን ግርማ ከማድነቅ አልፈው ጭነቱን እንዲጠይቁ፣ ያዩትንም ከነቀኑ እንዲጽፉ ቢያስተምሯቸው መልካም ነው። ጥሩ ሥነ ጽሑፍም የሚጀምረው ከዚሁ ነው፤ የሚያልፈውን ከማድነቅ ሳይሆን የሚሠራውን ከመመዝገብ።