ያልተሻገርነው ድንበር፦ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ውህደት ከጉባኤ እስከ አጥቢያ

በአገራችን ስለ ወንጌላውያን አንድነት ብዙ የሚነገረው በጉባኤ መድረክ ላይ ነው፤ የሚፈተነው ግን በአጥቢያ ቢሮ ነው። ልደታ ክፍለ ከተማ፣ ገጃ ሰፈር እንዳለችው የቃለ ሕይወት አጥቢያ ያለ ቦታ እንውሰድ። በሕፃንነቷ ወለጋ ውስጥ በመካነ ኢየሱስ የተጠመቀች ሴት የቃለ ሕይወት ልጅ አገባች እንበል። መሸኛ ደብዳቤዋን ይዛ አባል ልሁን ስትል እምነቷን የሚጠራጠር የለም። ሽማግሌዎቹ ዝማሬዋንም ጸሎቷንም ያውቁታል። ጥምቀቷ ላይ ሲደርሱ ግን ነገሩ ይቆማል፤ በቃለ ሕይወት ትውፊት የሚጠመቀው አምኖ የመሰከረ ሰው ነውና።

የአንድነት ጥያቄው አዲስ አይደለም። በጣሊያን ወረራ ሚስዮናውያን ሲባረሩ አብያተ ክርስቲያናቱን ያቆዩት የአገሬው ሰዎች ነበሩ፤ ከእነሱም አንዱ የደምቢ ዶሎው ዓይነ ስውር ቄስ ጊዳዳ ሶለን ናቸው። ይህን ያዩ አማኞች እ.ኤ.አ. በ1944 የኢትዮጵያ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤን ጀመሩ። ተስፋቸው አንዲት ኢትዮጵያዊት ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ጉባኤው እስከ 1963 ቢዘልቅም ተስፋው አልተፈጸመም።

ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ ምክንያት የትምህርተ ሃይማኖት ልዩነት ነው። ልዩነቱ እውነት ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። በዚያው በ1944 መንግሥት ባወጣው የሚስዮኖች ድንጋጌ አገሪቱ «ክፍት» እና «ዝግ» ተብላ ተከፋፈለች፤ ሚስዮኖችም በየተፈቀደላቸው አካባቢ ሰፈሩ። ከጊዜ በኋላ የቤተ እምነት ወሰንና የአውራጃ ወሰን ተቀራረቡ። ለወላይታው ገበሬ ወንጌላዊነት ማለት ቃለ ሕይወትን ያስገኘው ሱዳን ኢንቲሪየር ሚስዮን ያስተማረው ሆነ፤ ለወለጋው ደግሞ ስዊድናውያን፣ ጀርመኖች ወይም አሜሪካውያን ያስተማሩት። እ.ኤ.አ. በ1919 የፕሪስቢቴሪያን ሐኪም ሆነው ወደ ወለጋ ሰዮ የመጡት ዶክተር ቶማስ ላምቢ፣ የኋላ ኋላ የሱዳን ኢንቲሪየር ሚስዮንን ሥራ በደቡብ የጀመሩት እኚያው ሰው መሆናቸውን ሳስብ፣ ዛሬ የማይነካ የሚመስለን ወሰን ምን ያህል በአጋጣሚ እንደተሠመረ ይታየኛል።

ሆኖም የተሳካ ውህደትም አለ። በሉተራን ሚስዮኖች ሥራ ላይ የቆመችው መካነ ኢየሱስ ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. በብሔራዊ ደረጃ ተመሠረተች። ከፕሪስቢቴሪያን ሚስዮን የወጣችውና እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ ራሷን የቻለችው ቤቴል በ1974 ተቀላቀለቻት። ሁለቱም ሕፃናትን ያጠምቃሉ፤ በምዕራብ ወለጋም ጎረቤታሞች ነበሩ፤ ይህ መንገዱን አቅልሎታል። ወሳኙ ግን ቤቴል ትውፊቷን ሳትጥል መግባቷ ነው። የቤቴል ሲኖዶሶች ስማቸውን ይዘው ቆዩ፤ መካነ ኢየሱስም ዛሬ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንም የዓለም ሪፎርምድ አብያተ ክርስቲያናት ኅብረትም አባል ናት። ሁለት ኑዛዜ በአንድ ጣሪያ ሥር መኖር እንደሚችል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

በደርግ ዘመን የሆነውን ደግሞ የትኛውም መተዳደሪያ ደንብ አልመዘገበውም። አጥቢያዎች ሲታሸጉ የሙሉ ወንጌሉ፣ የቃለ ሕይወቱና የመካነ ኢየሱሱ ልጅ በአንድ ሳሎን፣ መጋረጃ ዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጸለዩ። በአብያተ ክርስቲያናት መካከል ለትብብር የደከሙት ቄስ ጉዲና ቱምሳ እ.ኤ.አ. በ1979 ተገደሉ። በዚያ ሳሎን ማን በስንት ዓመቱ እንደተጠመቀ የጠየቀ ነበር ብዬ አላምንም። ነጻነቱ ሲመጣ ግን ሁሉም ወደየማኅተሙ ተመለሰ፤ ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1208 የኢትዮጵያ ወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። ይህ ከመንግሥት ጋር ለመነጋገር ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ካውንስል ቤተ ክርስቲያን አይደለም፤ የጋራ ማዕድና የጋራ አገልግሎት በአዋጅ አይመጡም። እዚህ ላይ የሰሜን ሕንድ ቤተ ክርስቲያን ታስተምረናለች። እ.ኤ.አ. በ1970 ስትመሠረት ባፕቲስቶችንም አንግሊካኖችንም ያቀፈችው የሕፃናትንም የአማኞችንም ጥምቀት በእኩል በመቀበል ነው። የእኛ ካውንስልም ሙሉ ውህደትን ሳይጠብቅ ከዚህ ሊጀምር ይገባዋል፦ አባል አጥቢያዎች በመሸኛ ደብዳቤ የመጣን አማኝ ዳግም ሳያጠምቁ ወደ ቅዱስ ቁርባን እንዲያቀርቡ ይስማሙ። ለዚያች ሴት ከማንኛውም የአንድነት መግለጫ ይልቅ ይህ ይጠቅማታል።