«ለጽድቅ ብዬ ነው»፦ የዎልተርስቶርፍን መጽሐፍ በእኛ ቤት ስናነብበው

ኒኮላስ ዎልተርስቶርፍ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመው «ወደ ፍትሕ የሚደረግ ጉዞ» ስለ ሰብአዊ መብት መናገር የሚጀምረው ከተባበሩት መንግሥታት ሰነድ አይደለም። የሚነሣው በ1970ዎቹ አጋማሽ በደቡብ አፍሪካ፣ ፖቸፍስትሩም ከተካፈለበት ጉባኤ ነው። ጥቁሮቹና ክልሶቹ ተሳታፊዎች ፍትሕን ጠየቁ፤ አፍሪካነሮቹ ደግሞ ስለ ደግነታቸው መለሱ። ለጥቁር ጎረቤቶቻቸው ልብስና የገና ስጦታ ይሰጡ ነበርና። ደግነት የጭቆና መሸፈኛ ሊሆን እንደሚችል ያኔ ገባው። ለአገልጋይ ከመጽሐፉ ሁሉ የሚበልጠው ክፍል ይህ ይመስለኛል።

«ዲካዮሱኔ» በሚለው የግሪክ ቃል ላይ ያቀረበው ሙግትም ለእኛ ቅርብ ነው። የእንግሊዝኛ ትርጉሞች ቃሉን የግል ቅድስና ብቻ በማስመሰል ፍትሕን ሸሽገዋል ይላል። እኛ «ጽድቅ» የሚል ቃል አለን፤ ነገር ግን በአፋችን «ለጽድቅ ብዬ ነው» ስንል ግዴታ የሌለበትን ውለታ ማለታችን ነው። ማቴዎስ 5ን የሚሰብክ ሰው ይህን ካላጠራ፣ ጽድቅን የሚራቡት ምጽዋት ሰጪዎች ይመስላሉ።

መጽሐፉ የሚያንሰው ጉዳዩ ድንበር ሲሻገር ነው። ሆንዱራስ ውስጥ ክርስቲያኖች ፖሊስና ፍርድ ቤት ሥራቸውን እንዲሠሩ የሚያደርጉትን ትግል በአድናቆት ይተርካል። እዚያ ተበዳዩም ዳኛውም የአንድ አገር ሰዎች ናቸው። ቤይሩት ያለችው እህታችንስ? እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ያስወጣል፤ በከፋላ ሥርዓት ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ስለሆነ፣ ቤቱን ጥላ ከወጣች ሕገ ወጥ ትሆናለች። ደላላው አዲስ አበባ፣ አሠሪዋ ቤይሩት፣ ያጠመቀቻት ቤተ ክርስቲያን ምናልባት ሆሳዕና። መብቷን ማንን ትጠይቅ? ዎልተርስቶርፍ የሰውን መብት እግዚአብሔር ለሰው ባለው ፍቅር ላይ ሲመሠርት አሳማኝ ነው፤ ዕዳው የማን እንደሆነ ግን በበቂ አይነግረንም። ዘዳግም 24፥14–15 እዚህ ላይ ይቀድመዋል፦ ምንደኛው ወንድምም ይሁን መጻተኛ፣ ፀሐይ ሳትገባ መክፈል ያለበት አሠሪው ነው።

እርስዎም፣ አንባቢዬ ሆይ፣ ሊባኖስን ለመውቀስ አይቸኩሉ። የእኛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከወሰኑ ውጭ አድርጎታል። በፋሲካ አሮጌ ቀሚስ የምንሰጣት የቤት ሠራተኛ እሑድ ጠዋት የት ናት? በአባልነት ትምህርታችን ስለ አሥራት ሙሉ ምዕራፍ አለ፤ ስለ እርሷ ደመወዝና የዕረፍት ቀን ግን እስካሁን ያየሁት የለም።